ሣሩ መሬቱን ምን ያህል ሸፍኖታል?

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ከእኛ መካከል የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች የሆንን ሦስት ሠልጣኞች በቤተ ልሔም አካባቢ ከአንድ ተዳፋት የግጦሽ መሬት ዳር ቆመን ተከራከርን። መሬቱ ከከብት ንክኪ ተከልሎ የከረመ ነው። አንዳችን «ሣሩ መሬቱን ሙሉ በሙሉ አልብሶታል» አለ። ሌላው «የለም፣ ግማሹ ገና ባዶ ነው» አለ። ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ አየና «ኧረ ሩቡም አልተሸፈነ!» ብሎ ዐረፈው። መስኩ ግን አንድ ነው። ከብቶቹ ይግቡ ወይስ አንድ ክረምት ይታገሡ የሚለው ጥያቄ በዚሁ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። መኖ ያጠረውን ገበሬ በዓይን ግምት ብቻ «ታገሥ» ብንለው አይሰማንም፤ አይፈረድበትምም።

ለመሆኑ ለምን ተለያየን? በአግድም ከሩቅ የሚያይ ሰው የሚታየው የሣሩ ጫፍ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሌላውን እየጋረደ መሬቱን ይደብቅበታል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚያይ ግን በሣሩ መካከል ያለውን አፈር ያያል። የዝናብ ጠብታም የሚወርደው ከላይ ነውና፣ ለአፈሩ ቁም ነገሩ ከላይ ሲታይ ያለው ሽፋን ነው።

ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ የአፈር መሸርሸር ማስያውን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ ሁኔታ አስማምቶ ሲያቀርብ ለየሽፋኑ ዓይነት ቁጥር ሰጥቷል። ለጥቅጥቅ ሣር 0.01፣ ለተጎዳ ሣር 0.05፣ ለጤፍ ማሳ 0.25 ነው። እንግዲህ ዝናቡ፣ ተዳፋቱና አፈሩ እኩል ቢሆኑ ከተጎዳው ሣር ሥር የሚታጠበው አፈር ከጥቅጥቁ አምስት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ታዲያ «ጥቅጥቅ» የሚባለው የቱ ነው? በማን ዓይን?

እዚህ ላይ በኪሳችን የያዝነው የእጅ ስልክ ይረዳናል። ዘዴው የተስፋፋው ለእኛ ዓይነቱ ግጦሽ ታስቦ አልነበረም፤ በአሜሪካ የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት ጽሑፍ ስለ ሜዳ ሣር፣ ማለትም ለመናፈሻና ለስፖርት ሜዳ ስለሚተከለው ሣር ነበር። (እነሱ ለኳስ ሜዳ፣ እኛ ለላም!) እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ካኖፒዮ የተባለውን በስልክ የሚሠራ ፕሮግራም አስተዋወቁ።

አሠራሩን እንመልከት። ፎቶግራፍ እንደ መሶብ ስፌት ነው፤ ከሩቅ አንድ ሐረግ ይመስላል፣ ቀርበው ሲያዩት ግን በጥቃቅን ባለ ቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ፒክስል ይባላል። በውስጡ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን የሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ሁሉም ከ0 እስከ 255 ናቸው። ካኖፒዮ አንድን ነጥብ «ቅጠል ነው» የሚለው ቀዩ ለአረንጓዴው ሲካፈል ከ0.95 ካነሰ፣ ሰማያዊውም እንዲሁ ካነሰ፣ የአረንጓዴው እጥፍ ላይ ቀዩና ሰማያዊው ሲቀነሱም ከ20 ከበለጠ ነው።

እንበል የአንዱ ነጥብ ቁጥሮች 80፣ 120 እና 50 ናቸው። 80 ለ120 ሲካፈል 0.67፣ 50 ለ120 ሲካፈል 0.42 ነው፤ ከ240 ላይ 130 ሲቀነስ 110 ይተርፋል። ስለዚህ ቅጠል ነው። 120፣ 95 እና 70 የሆነው ነጥብ ግን በመጀመሪያው ፈተና ይወድቃል፤ 120 ለ95 ሲካፈል ከ1 በላይ ነውና አፈር ነው። ስልኩ ይህን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ነጥቦች ላይ በቅጽበት ሠርቶ የቅጠሉን ድርሻ ከመቶ ይነግረናል። የአምስተኛ ክፍል መቶኛ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣለታል?

ስልኩን በደረት ከፍታ ይዞ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ መሬት ማዞር ነው። ያማረውን ቦታ እየመረጡ ማንሣት ግን ራስን ማታለል ነው፤ በየ10 እርምጃው ቆሞ እግር ያረፈበትን ማንሣት ይሻላል። የራስ ጥላም እንዳይገባ መጠንቀቅ ነው። ከዓመት ዓመት ለማነጻጸር ደግሞ ወቅቱና ከፍታው አንድ መሆን አለባቸው።

ስልኩ ሞኝ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ኅዳር ሲገባ ሣሩ ይደርቃል። የደረቀው ሣር አፈሩን እንደሸፈነ ነው፣ ስልኩ ግን ቢጫውን «አፈር» ይለዋል። በዚያ ወር የተነሣን ፎቶ ከመስከረሙ ጋር አነጻጽሮ «መስኩ ጠፋ» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ሌላም ችግር አለ። ለስልኩ ሰርዶም፣ ማጌጥም፣ ከብት የሚሸሸው አሜኬላም አንድ አረንጓዴ ናቸው። ከሰማይ የሚነሣ ፎቶም ከዚህ አያመልጥም። ተመራማሪዎች የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከ1938 እስከ 2015 (እ.ኤ.አ.) በተነሡ የአየር ፎቶግራፎች ሲያነጻጽሩ የደኖቹ ስፋት ብዙም አልጠበበም፤ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ግን ተመናምኗል። በአንዳንዱም ቦታ ባሕር ዛፍ ገብቷል። አገር በቀሉን ዛፍ ከባሕር ዛፍ ለመለየት ስፋትን መለካት ብቻውን አይበቃም፤ ሄዶ ማየት ያሻል።

ቤተ ልሔም ድጓ የዘለቀ ተማሪ የሚያስመሰክርባት ቦታ ናት። ስልኩም ምስክር ያስፈልገዋል፤ ምስክሩ ገመድ ነው። 10 ሜትር ገመድ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ይደረጋል፤ 100 ቋጠሮ ይሆናል። ገመዱን ዘርግቶ በእያንዳንዱ ቋጠሮ ሥር ቀጥ ብሎ ማየት ነው፤ ሣር ነው ወይስ አፈር? ሣር የነካው ቋጠሮ ብዛት ራሱ መቶኛው ነው። ደረቁንም ሣር ይቆጥራል፣ ስልክ የሌለው ትምህርት ቤትም ይሠራበታል።

በዚያ ተዳፋት ላይ ገመዱን ከታች እስከ ላይ ስንዘረጋ «ግማሹ» ያለው ልጅ ወደ እውነቱ ቀርቦ ተገኘ። ይሁን እንጂ ባዶው ቦታ የተከማቸው ወደ ላይኛው ጫፍ ነበር፤ ይህን አንዳችንም አላስተዋልነውም። ውጤቱን ለሽማግሌዎቹ በነገርናቸው ጊዜ የታችኛውን ሣር ታጭዶ ለከብት እንዲወሰድ ፈቀዱ፣ ላይኛውን አንድ ክረምት ዘጉት።