ቪዛ ሲሰረዝ ዳኛ የሚገኘው ለማን ነው?

በ2006 ዓ.ም. መስከረም 6 ቀን ዘጠኝ የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች የአገራቸው ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ በአንድ ድምፅ ሻሩ። ሕጉ ያለ ፈቃድ ድንበር አቋርጦ የገባን ሰው ክስ ሳይመሠረትበት እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ለማሰር የሚፈቅድ ነበር። በሕጉ የታሰሩት አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ሱዳናውያን ናቸው። ዳኞቹ የእያንዳንዱ ታሳሪ ጉዳይ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመረመር አዘዙ። ከዚህ ውሳኔ ሰባት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 25 ቀን፣ ከቀይ ባሕር ማዶ በሳዑዲ ዐረቢያ የምሕረት ጊዜው አብቅቶ አፈሳው ተጀመረ። በአራት ወር ገደማ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ተጭነው ቦሌ ደረሱ። ያን ሁሉ ሰው ያባረረው የፖሊስና የጀዋዛት (የፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ) ትእዛዝ ነው። የዳኛ ቃል አልነበረበትም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለደቡብ ጎንደሮቹ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። ተዳፋት መሬት፣ ያነሰ ማሳና የተደጋገመ ድርቅ ያሉባቸው እነዚህ ወረዳዎች፣ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊትም ቢሆን በየዓመቱ ወጣቶቻቸውን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ ሲልኩ ኖረዋል። ዐረብ አገር መሄድ የመጣው በዚያ ላይ ነው። ነፋስ መውጫን አቋርጦ የሚያልፈው የወረታ ወልድያ መንገድ ሁለቱንም አቅጣጫ ያገናኛል፤ በምሥራቅ በወሎና በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲው ኦቦክ፣ በምዕራብ ደግሞ በጎንደርና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ መጣ፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ መላው የአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ውስጥ ነው። ልጅን ከቤት የሚያስወጣው ምክንያት ከድርቅና ከመሬት ጥበት አልፏል።

ወጥተው የሚሄዱት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ «በቪዛ የሄደች» እና «በባሕር የሄደ»። ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያዋን ሕግ ይጠብቃታል፣ ሁለተኛውን ግን አይጠብቀውም ብሎ ያምናል። እውነታው ከዚህ የከፋ ነው።

በቪዛ የሄደች ሴት ቪዛዋ የራሷ አይደለም። ያስመጣት አሠሪ፣ ማለትም ከፊሉ፣ በስሙ አውጥቶታል፤ ኢቃማዋም፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በእሱ ላይ የቆመ ነው። ደመወዟ ለወራት ቢታገድባት ወይም ብትደበደብና ከቤት ብትወጣ፣ አሠሪው «ጠፍታለች» ብሎ ሁሩብ ያስመዘግባል። ከዚያ በኋላ ኢቃማዋ ዋጋ የለውም። ፖሊስ ሲያገኛት የምትያዘው ሕገ ወጥ ነዋሪ ተብላ ነው፤ የምትወሰደውም ጅዳ አጠገብ እንዳለው ሹማይሲ ወደመሰለ የማባረሪያ ማዕከል ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩን ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ደመወዝ ተከለከልኩ ብሎ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማመልከት በሳዑዲ ሕግ ይቻላል። ነገር ግን አቤቱታ የሚቀበለው መሥሪያ ቤትና የሚያባርረው መሥሪያ ቤት የተለያዩ ናቸው፤ ታሳሪዋም ከማዕከሉ ወጥታ መሥሪያ ቤት ልትመላለስ አትችልም። ስለዚህ ያልተከፈላት ደመወዝ እዚያው ቀርቶ እሷ ትመለሳለች። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2011 ዓ.ም. ያነጋገራቸው ተመላሾች፣ አንዳቸውም መባረራቸውን በሕግ የሚቃወሙበት ዕድል እንዳልተሰጣቸው ተናግረዋል። በመጋቢት 2013 ሳዑዲ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር የሚያስችል ማሻሻያ ሥራ ላይ ስታውል ደግሞ የቤት ሠራተኞችን ከማሻሻያው ውጭ አስቀረች። ከወረዳዎቻችን በቪዛ የሚሄዱት ሴቶች የሚቀጠሩት በዚሁ የቤት ሥራ ነው።

ሳዑዲ የተፈራረመችው ሰነድ በዚህ ረገድ ባዶ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዐረብ የሰብዓዊ መብቶች ቻርተር በ14ኛው አንቀጹ የታሰረ ሰው የእስሩን ሕጋዊነት ፍርድ ቤት እንዲያይለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። 26ኛው አንቀጽ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋ ያለ ሕጋዊ ውሳኔና ቅሬታውን ሳያቀርብ እንዳይባረር ይከላከላል፤ የጅምላ ማባረርን ደግሞ ፈጽሞ ይከለክላል። ችግሩ «በሕጋዊ መንገድ የሚኖር» የሚለው ሐረግ ላይ ነው። አሠሪው በአንድ ማስታወቂያ ሕጋዊነቷን ሊያጠፋው ከቻለ፣ ከመባረሯ በፊት የመሰማት መብቷም በአሠሪው እጅ ነው ማለት ነው።

ዳኛ የሚደርስባቸው አገሮችስ ምን አድርገዋል? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 1993 በሰጠው ውሳኔ፣ እንዲባረር ተወስኖበት የሚቀበለው አገር ያጣ ሰው ከስድስት ወር በኋላ በቅርቡ የመባረሩ ተስፋ ከሌለ ታስሮ ሊቆይ አይገባም አለ። በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ጣሪያው 18 ወር ነው። አውስትራሊያ የበለጠ ታስተምራለች። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1996 ዓ.ም. በአራት ለሦስት ድምፅ ቪዛ የሌለውን ሰው ያለ ገደብ ማሰር ይቻላል ብሎ ነበር፤ ያንኑ ውሳኔ ራሱ የሻረው በጥቅምት 2016 ነው። አገር አልባ የሆነ የሮሂንጋ ተወላጅ ባቀረበው ክስ የተነሣ ነበር የሻረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የብዙ ሰው ዕድሜ ነው። በእስራኤልም ምክር ቤቱ የተሻረውን ሕግ የእስሩን ጊዜ ቀንሶ መልሶ አወጣው፤ ፍርድ ቤቱም በ2007 ዓ.ም. ብቻ በመስከረምና በነሐሴ ሁለት ጊዜ ጣልቃ መግባት ነበረበት። ዳኛ መኖሩ ነፃነትን አያረጋግጥም። ግን መንግሥትን ምክንያት እንዲናገርና ቀን እንዲቆርጥ ያስገድደዋል፤ በሳዑዲዎቹ የጃዛንና የሹማይሲ ማዕከላት የጠፋውም ይኸው ነው።

የሕጋዊ ቆይታ መሰረዝ ብቻውን እንኳ በፍርድ ቤት የሚመለስ ነገር እንደሆነ በ2017 ዓ.ም. ታይቷል። በአሜሪካ በሺህ የሚቆጠሩ የውጭ አገር ተማሪዎች በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የተያዘው የተማሪነት መዝገባቸው በድንገት ተሰርዞ፣ ከየግዛቱ ክስ ጐርፎ፣ ዳኞች የእግድ ትእዛዝ ሲያከታትሉ፣ መንግሥት በሚያዝያ ወር ስረዛውን ለመመለስ ተገደደ። ተማሪዎቹ ጠበቃና ዩኒቨርሲቲ፣ ከምንም በላይ ግን በራሳቸው ስም የተያዘ መብት ነበራቸው። የስማዳዋ የቤት ሠራተኛ ይህ የመጨረሻው የላትም።

የእኛ መንግሥት በዚህ ላይ የሠራው ምንድን ነው? በጥቅምት 2006 ከአፈሳው ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ ዐረብ አገር የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ፤ እገዳው እስከ ጥር 2010 ቆየ። ያ እገዳ ሰውን ከመሄድ አላቆመም። በቪዛ ሊሄድ የነበረውን ወደ ባሕሩ መንገድ ገፋው፤ ውል ያልነበረው ሰው ደግሞ ሲያዝ የሚያሳየው ወረቀት፣ ሲመለስም የሚከሰው ኤጀንሲ አልነበረውም። በ2009 ዓ.ም. ከሳዑዲ ጋር የሠራተኛ ስምምነት ተፈረመ። በኮሮና ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች በማዕከላት ታጉረው የሚያሳዩ ምስሎች በ2012 መጨረሻ ዓለምን ካስደነገጡ በኋላም፣ በመጋቢት 2014 ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ዜጎችን ለመመለስ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ሰውን ከዚያ ስቃይ ማውጣት ተገቢ ሥራ ነበር፤ የወጣውን ወጪና ድካም አልክድም። ሆኖም በአደባባይ የሚነገረው ሁልጊዜ የሚመለሰው ሰው ቁጥር፣ የበረራውና የደመወዙ መጠን ነው። ከታሰሩ ስንት ቀን በኋላ ማን ፊት ይቀርባሉ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

በአገር ውስጥ ሕጋችን ጥያቄው እንግዳ አይደለም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከ177ኛው አንቀጽ ጀምሮ አካልን ነፃ ለማውጣት የሚቀርብ አቤቱታን ይደነግጋል። የሕገ መንግሥቱ 19ኛ አንቀጽም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ነገር ግን በሐምሌ 28 ቀን 2015 ለአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርን ፈቀደ፤ ብዙዎችም ዳኛ ሳያዩ ወራት አሳለፉ። ይህን የምጽፈው የሳዑዲን ጥፋት ለማቅለል አይደለም። ጎንደር ውስጥ የታሰረን ሰው ዳኛ ፊት ያላቀረበ መንግሥት፣ ሪያድ ሄዶ ዜጋዬ ዳኛ ፊት ይቅረብ ሲል ቃሉ ክብደት ያጣል።

አሁን ተመላሽ ያለበት ቤተሰብ በእጁ ያለው መንገድ የአገር ቤቱ ነው፤ ሲሠራበት የሚታየው ግን ከሚገባው በታች ነው። የ2008ቱ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ እንዲሆን አድርጓል፤ ለዚህም ኤጀንሲዎች የ100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ዋስትና በዝግ ሂሳብ እንዲያስቀምጡ አዝዞ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሽሏል፤ የኤጀንሲው ተጠያቂነት ግን ዋናው በር ሆኖ ይኖራል። ያልተከፈላት ደመወዝ ያላት ልጅ ጅዳ መመለስ ሳያስፈልጋት እዚሁ መጠየቅ ትችላለች ማለት ነው። የሚያስፈልጋት የውሉ ቅጂ፣ የፓስፖርቷ ገጽና ኤጀንሲው የሰጣት ማናቸውም ወረቀት ነው። ስለዚህ ልጅ ስትሄድ ቅጂው ወገዳ፣ አርብ ገበያ ወይም መካነ ኢየሱስ ቤተሰቧ ዘንድ መቅረት አለበት፤ አሠሪው ከወሰደባት በኋላ ዋናው አይገኝም። ችግሩ ኤጀንሲዎቹ አዲስ አበባ መሆናቸው ነው፤ በሬ ሸጦ ልጁን የላከ ገበሬ ለቀጠሮ መመላለሻ የሚሆን ገንዘብ የለውም። ወረዳ ላይ ገንዘብ የተቀበለው ደላላ ደግሞ በውሉ ላይ ስሙ የለም፤ እሱን ማግኘት የሚቻለው በ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1178 በወንጀል ነው፤ ለዚያም ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በሥራ ላይ ያሉበት ወረዳ ያስፈልጋል።

በባሕር የሄደው ወጣት ይህም የለውም። ለእሱ የሚቀረው በመንግሥታት መካከል የሚጻፍ ቃል ብቻ ነው። ስደተኛ ሠራተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን ለመጠበቅ በ1983 ዓ.ም. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የጅምላ ማባረርን ይከለክላል፤ ወረቀት የሌለው ሠራተኛም የመባረር ውሳኔው እንደገና እንዲታይለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሳዑዲ አልገባችበትም፤ ኢትዮጵያም እንዲሁ። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ራሷ ትግባበት። ከዚያም ከሳዑዲ ጋር ያለው ስምምነት ሲታደስ አንድ አንቀጽ ይጨመርበት፤ ማንኛውም የታሰረ ኢትዮጵያዊ፣ በቪዛም በባሕርም የሄደ፣ በታወቀ ቀን ውስጥ አስተርጓሚ ተሰጥቶት ዳኛ ፊት ይቅረብ፣ ቆንስላው ይነገረው፣ ያልተከፈለው ደመወዝም ሳይሰላ አይሳፈር።