የጤፍ ክብደት ከየት ይመጣል? የአምስተኛ ክፍል ትምህርትና የልጆች ደኅንነት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ

በሲልቨር ስፕሪንግ አምስተኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ከሚጠየቃቸው የሳይንስ ጥያቄዎች አንዱ ለመስማት ቀላል ነው፦ ተክል ሲያድግ አካሉን የሚገነባበትን ነገር ከየት ያገኛል? ገጠር ያደገ ወላጅ «ከአፈር ነዋ» ለማለት አያመነታም። መልሱ ግን በአብዛኛው ከአየርና ከውኃ ነው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የብራስልሱ ሐኪም ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት 90 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ አፈር በትልቅ የሸክላ ዕቃ ሞልቶ አንዲት የአኻያ ችግኝ ተከለ፤ ለ5 ዓመታትም ውኃ ብቻ አጠጣት። ዛፏ 77 ኪሎ ገደማ ስትመዝን ከአፈሩ የጎደለው 60 ግራም አካባቢ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ክብደቱ ሁሉ ከውኃ የመጣ መሰለው። የአየሩን ድርሻ ያወቁት ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ስቦ፣ ከውኃ ጋር በፀሐይ ብርሃን አዋሕዶ ስኳር ይሠራል። በእንጀራ ውስጥ ያለው ካርቦንም በአንድ ወቅት በጤፍ ማሳ ላይ በአየር ሲንሳፈፍ የነበረ ነው። ይህ ሲባል ማዳበሪያ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ብረት የሚገኙት ከአፈር ነው፤ መጠናቸው ግን ጥቂት ነው።

ሜሪላንድ ይህን የትምህርት መመዘኛ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለችው ቨርጂኒያ ግን በራሷ መመዘኛ ትመራለች፤ በመሆኑም የአሌክሳንድሪያው አምስተኛ ክፍል ስለ ጉልበት፣ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ድምፅና ስለ ብርሃን አዘውትሮ ይማራል። ሁለቱም ግዛቶች በዚሁ ክፍል የሳይንስ ፈተና ይሰጣሉ።

እንግሊዝኛው የማይመቸው ወላጅ በዚህ ሁሉ የሚረዳው ነገር የሌለ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ተማሪ የተማረውን ለሌላ ሰው ሲያስረዳ ያልገባው የት ላይ እንደሆነ ራሱ ይደርስበታል፤ ማስረጃው በአማርኛ መሆኑ ይህን አይቀንሰውም። እንዲያውም አንዳንዴ ይጠቅማል። በዕለት ንግግር «ኃይል» የምንለው ቃል በእንግሊዝኛ ሦስት የተለያዩ የፊዚክስ ስሞች አሉት፤ ልጁ ሦስቱን በአማርኛ ለይቶ ለማስረዳት ሲጥር ልዩነታቸውን ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ መናገር የልጅን አእምሮ ያደናግራል የሚለው ሥጋትም መሠረት የለውም።

የሜሪላንድ የጤና ትምህርት የአእምሮና የስሜት ጤናን ይጨምራል፤ አንዱ መሠረቱ እንቅልፍ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። ቀን የተማሩት ነገር በማስታወስ ችሎታ ውስጥ የሚጸናው በአመዛኙ በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ማጥናት የሚያተርፈው የለም። ወላጅ ከሥራ የሚገባው ከምሽቱ 5 ሰዓት በሆነበት ቤት ልጁ እርሱን ሲጠብቅ ማምሸቱ የተለመደ ነው፤ ጭውውቱን ወደ ቁርስ ሰዓት ማዛወር ይሻላል።

ልጅን የሚከብደው ሌላም ነገር አለ፤ አስተርጓሚነት። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ውጤት ወይም ጭንቀት የሚነገረውን ለእናቱ እንዲተረጉም ሲደረግ፣ መምህሩ ያሉትን አለዝቦ ቢያቀርብ አይፈረድበትም፤ የሰማውንም ለብቻው ተሸክሞ ይቀራል። የሞንትጎመሪ ካውንቲም ሆኑ የአሌክሳንድሪያ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መረጃ በአማርኛ ያዘጋጃሉ፣ አስተርጓሚም ይመድባሉ። ጥያቄው መቅረብ ያለበት የመምህሩ ቀጠሮ ሲያዝ ነው፤ በዕለቱ ከተጠየቀ ግን ብዙውን ጊዜ ወንበሩ ላይ የሚገኘው ልጁ ራሱ ነው።