ከሞት በኋላ በአጥንት ላይ የሚደርሱ ለውጦችና የምስክርነታቸው ወሰን



የንግግሬን ርእስ አስቀድመው ያዩ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ሰው ከሞተ ወዲያ አጥንቱ ምን ይለወጣል?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ብዙ ይለወጣል። አጥንት ከሞት በኋላ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙን ይለውጣል፣ በአውሬ ይታኘካል፣ በአፈር ውስጥ ይሟሟል፣ ሁኔታው ከፈቀደም ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። እነዚህን ለውጦች ለይቶ የማያውቅ መርማሪ ያልተፈጸመ ወንጀል ሊያይ፣ የተፈጸመውንም ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ሐሳብ አንድ ነው፤ ከሞት በኋላ የሆነውን ሳንለይ፣ በሞት ጊዜ ስለሆነው የመናገር መብት የለንም።

ሁላችንም በምናውቃት እንጀምር። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ሐዳር ተገኘች፤ ዕድሜዋም ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ድንቅነሽ ከረጅም ዛፍ ወድቃ ሳትሞት አልቀረችም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከማስረጃዎቻቸው ዋነኛው የቀኝ ላይኛ ክንድ አጥንቷ በትከሻው በኩል ያለው ስብራት ነበር፤ ከከፍታ የሚወድቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ራሱን ለማዳን ሲሞክር የሚደርስበትን ስብራት ይመስላል አሉ። ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ኋይትን የመሳሰሉ ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። ተመሳሳይ ስንጥቆች በዚያው አካባቢ በተገኙ የሌሎች እንስሳት ቅሪቶች ላይም ይታያሉ፤ ለብዙ ዘመን የደለል ክብደት የተጫነው አጥንት እንዲህ ይሰነጠቃል ሲሉ ተከራከሩ።

ልብ በሉ፤ አጥንቱ መሰበሩን የካደ ማንም የለም። ክርክሩ «መቼ ተሰበረ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ከሚሊዮን ዓመታት ቅሪት ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም፤ በዛሬው የፍርድ ቤት ችሎት ፊትም የሚቆም ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የሚያጠናው የእውቀት ዘርፍ ታፎኖሚ ይባላል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1940 ያወጣው የሶቪየት ኅብረት ሊቅ ኢቫን የፍሬሞቭ ሲሆን፣ ቃሉ መቃብርና ሕግ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው።

ለውጡን ለመረዳት አጥንት ከምን እንደ ተሠራ ማስታወስ ያስፈልጋል። የደረቅ አጥንት ክብደት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ካልሲየምና ፎስፌት ያለበት ማዕድን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ነው። ማዕድኑ ጥንካሬን ይሰጠዋል፤ ኮላጅኑ ደግሞ ሳይሰበር እንዲለጠጥ ያስችለዋል። የዶሮ አጥንት በኮምጣጤ ውስጥ ለቀናት ብናቆይ ማዕድኑ ይሟሟና አጥንቱ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። በእሳት ብናቃጥለው ደግሞ ኮላጅኑ ይጠፋና በጣት ስንነካው ይፈረፈራል። መቃብርም ቀስ በቀስ የሚሠራው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ወይም ሁለቱንም ነው።

በጠረጴዛው ላይ ሁለት የበግ እግር አጥንቶች አሉ። አንደኛው ትናንት ከሥጋ ቤት የመጣ ነው። ሁለተኛው በአጥር ሥር ወድቆ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት የከረመ ነው። ሁለቱም ተሰብረዋል፤ ስብራታቸው ግን አይመሳሰልም። የእርጥቡ አጥንት ስብራት ሰያፍ ሄዶ ይጠማዘዛል፤ ጠርዙ ለስላሳና ስለታም ነው፤ ስንጥሮቹም ገና ከአጥንቱ ጋር ተያይዘዋል። የደረቀው አጥንት በአግድም ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ የተሰበረው ገጽም ሻካራ ነው። እርጥብ እንጨትና ደረቅ ጭራሮ ሰብሮ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ሳይማር ያውቀዋል።

በዚህ መሠረት በሙያችን የአጥንትን ጉዳት በሦስት ጊዜ እንከፍላለን። የመጀመሪያው ከሞት በፊት የደረሰው ነው። ምልክቱ መዳን ነው። ወጌሻ የጠገነውን ክንድ በእጃችሁ ብትዳስሱ አጥንቱ የገጠመበትን እብጠት ታገኛላችሁ፤ ያ እብጠት ሰውየው ከጉዳቱ በኋላ በሕይወት መቆየቱን ይመሰክራል። የመዳን ምልክት በአጥንት ላይ ለዓይን እስኪታይ ግን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ሁለተኛው በሞት አካባቢ የደረሰው ነው፤ አጥንቱ እርጥብ ሳለ ተሰብሯል፣ የመዳን ምልክት ግን የለውም። ሦስተኛው አጥንቱ ከደረቀ በኋላ የደረሰው ነው።

አደጋው ያለው በሁለተኛው ክፍል ነው። ሐኪም «በሞት አካባቢ» ሲል በደቂቃዎችና በሰዓታት ይቆጥራል። አጥንት ግን ሰውየው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት፣ እንደ አካባቢው እርጥበትና ሙቀትም ለወራት፣ የእርጥብነት ባሕርዩን ይዞ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ድንጋይ ቢወድቅበት፣ ተሽከርካሪ ቢሄድበት ወይም ጅብ ቢሰብረው ስብራቱ የሕያው አጥንት ስብራት ይመስላል። ስለዚህ አንድ መርማሪ «ይህ ጉዳት በሞት አካባቢ የደረሰ ነው» ሲል፣ «ሰውየውን የገደለው ይህ ነው» ማለቱ አይደለም። በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለው ርቀት የአንድን ተከሳሽ ነጻነት ሊያህል ይችላል።

እኔም ይህን በስሕተት ተምሬዋለሁ። ገና ረዳት ሳለሁ በአንድ የራስ ቅል ላይ ረጅም ስንጥቅ አይቼ በበትር የተመታ ነው ብዬ ጻፍሁ። መምህሬ አንድም ቃል ሳይናገሩ የስንጥቁን ጠርዝ በማጉያ መነጽር አሳዩኝ። የራስ ቅሉ ከአፈሩ ቡናማ ቀለም ወስዷል፤ የስንጥቁ ጠርዝ ግን የነጣ ነበር። አጥንቱ በመቃብር ሲቀላ ስንጥቁ ገና አልነበረም ማለት ነው። የሰበረው የቁፋሮው አካፋ ነበር።

ቀለም እንግዲህ ትልቅ ምስክር ነው። ብረት የበዛበት አፈር አጥንትን ያቀላል፤ ማንጋኒዝ ያጠቁረዋል፤ አጠገቡ የነበረ የመዳብ ጌጥ ወይም ሳንቲም አረንጓዴ ጥላ ይተውበታል፤ ፀሐይ ያነጣዋል። እሳትም የራሱ ቅደም ተከተል አለው፤ አጥንት ሲቃጠል መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይገረጣል፣ ኮላጅኑ ፈጽሞ ሲጠፋ ኖራ መስሎ ይነጣል፤ በመጠኑም ይኮማተራል።

የፀሐይንና የዝናብን ሥራ በደረጃ ያስቀመጠችው አና ኬይ ቤረንስማየር ናት። በኬንያ አምቦሴሊ የእንስሳት አጥንቶችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው ሥራ፣ ከዜሮ እስከ አምስት የሚደርሱ ስድስት ደረጃዎችን ለይታለች። መጀመሪያ ላይ አጥንቱ ስንጥቅ የለውም፤ ከዚያ በቁመቱ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ይላጣል፣ ቃጫ መስሎ ይሻክራል፣ በመጨረሻም በቦታው ይፈራርሳል። ከዚህ ለምርመራ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። መሬት ላይ የወደቀ አጥንት ወደ ሰማይ የዞረው ገጹ ከታችኛው ይልቅ ይጎዳል። ይበልጥ የተጎዳው ገጽ ወደ መሬት ዞሮ ከተገኘ፣ አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር አንቀሳቅሶታል ማለት ነው።

ከአፈር በታች ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። አሲዳማ አፈር ማዕድኑን ያሟሟል፤ ረቂቅ ሕዋሳት አጥንቱን እየቦረቦሩ ኮላጅኑን ይመገባሉ፤ የዕፅዋት ሥሮች በሚያመነጩት አሲድ በገጹ ላይ የተጠላለፉ ጎድጓዳ መስመሮችን ይተዋሉ። በብዙ ስፍራ አሲዳማ በሆነው በዝናባማው የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አፈር የተቀበረ አጽም፣ በአፋር ደረቅ ደለል ውስጥ እንዳለው ይቆያል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። አውሬም ድርሻ አለው። ጅብ የጭን አጥንትን ለስላሳ ጫፎች በልቶ መካከሉን ይተዋል፤ አይጥና ጃርት ደግሞ ጎን ለጎን የተደረደሩ ጠባብ ቦዮችን ይቆፍራሉ። የሥር መስመር የቢላዋ ቁርጥ ሊመስል ይችላል፤ ማጉያ መነጽር ግን ይለያቸዋል። የቢላዋ ቁርጥ ወደ ውስጥ ይጠብባል፤ የሥር መስመር ሰፊ፣ ክብ ወለል ያለውና ጠመዝማዛ ነው።

«እንግዲያስ ሰውየው ከሞተ ስንት ጊዜ ሆነው?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት አንድ አሮጌ መቃብር ተቆፍሮ ተገኘ፤ በውስጡም ገና ሥጋ ያልተለየው ራስ የሌለው አስከሬን ነበር። የተጠሩት ስመ ጥሩው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ባስ ሟቹ ከሞተ ከአንድ ዓመት አይበልጥም ብለው ገመቱ። ኋላ እንደ ታወቀው አስከሬኑ እ.ኤ.አ. በ1864 በናሽቪል ጦርነት የወደቀው የኮሎኔል ማዕረግ ባለቤት መኮንን ዊልያም ሻይ ነበር። ስሕተቱ 113 ዓመት ገደማ ደረሰ። አስከሬኑ መድኃኒት ተቀብቶ በተዘጋ የብረት ሣጥን ውስጥ በመቀበሩ ሳይፈርስ ቆይቷል። ባስ ስሕተታቸውን አልደበቁም። ይልቁንም እውቀቱ ምን ያህል እንደሚጎድል አይተው፣ በኖክስቪል የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የተለገሱ አስከሬኖች በልዩ ልዩ ሁኔታ እንዴት እንደሚፈርሱ የሚጠናበትን ማዕከል በ1980ዎቹ መጀመሪያ አቋቋሙ። ዛሬ ሌላም መንገድ አለ፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአየር ላይ የተደረጉ የኑክሌር ሙከራዎች በከባቢ አየር ያለውን የራዲዮአክቲቭ ካርበን ስለ ጨመሩት፣ ሟቹ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ የኖረ መሆኑን ከአጥንትና ከጥርስ መለየት ይቻላል።

ወደ አገራችን ልመለስ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1990ዎቹ፣ በልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ጥሪ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የጅምላ መቃብሮችን መርምሯል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1984 በአገሩ የተሰወሩ ሰዎችን ለመፈለግ የተመሠረተ ነው። በኮተቤ በተቆፈረው መቃብር በአጽሞች አንገት ዙሪያ የናይለን ገመድ ተገኘ። ይህን ከዛሬው ነገራችን ጋር አገናኙት። ታንቆ የሞተ ሰው ሥጋው ከፈረሰ በኋላ አጥንቱ ብዙ አይናገርም፤ ከምላስ ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት ልትሰበር ትችላለች፣ ሁልጊዜ ግን አትሰበርም፤ በጥድፊያ ቁፋሮም በቀላሉ ትጠፋለች። ናይለን ግን አይበሰብስም። የመሰከረው ገመዱ ብቻ ሳይሆን ገመዱ የነበረበት ቦታ ነው። አጽሞቹ በዶማና በአካፋ ተዝቀው በከረጢት ቢታጨቁ ኖሮ፣ ገመዱ ከአጥንት ክምር ጋር የተገኘ ተራ ገመድ በሆነ ነበር።

ስለዚህ የሕግ፣ የሕክምና፣ የአርኪዮሎጂና የምህንድስና ተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። በመሠረት ቁፋሮም ሆነ በመስክ ሥራ የሰው አጥንት ቢያጋጥማችሁ አታንሡት፣ አትጠቡት፣ አትሰብስቡት። ሥራውን አስቁሙ፣ ባለበት ፎቶግራፍ አንሡት፣ ለፖሊስ አሳውቁ። ከቦታው የተነሣ አጥንት የምስክርነቱን ብዙ ክፍል እዚያው ጥሎ ይሄዳል፤ ያንንም ምንም ላቦራቶሪ አይመልሰውም።

ይህን የምለው ለሳይንስ ክብር ብቻ ብዬ አይደለም። በአገራችን ዐፅሙን ያላገኙለት ልጅ መርዶው ቢነገር እንኳ እርሙ በወጉ አይወጣም። እናት በር ሲንኳኳ ዛሬም ቀና ትላለች። ለእርሷ የምንሰጠው መልስ እርግጠኛ በሆነው ልክ እርግጠኛ፣ በማናውቀውም ልክ ትሑት ሊሆን ይገባዋል። የሌላ ሰው ዐፅም ሰጥተን ብናሳርፋት፣ ወይም የአካፋን ስንጥቅ የገዳይ ምት ነው ብለን ብንነግራት፣ ሁለተኛ በደል ፈጽመንባታል። አጥንት አይዋሽም ይባላል፤ እውነት ነው። ከሞት በኋላ ያገኘውን ሁሉ ግን ከሞቱ ታሪክ ጋር ቀላቅሎ ያቀርባል። የኛ ሙያ ሁለቱን መለየት ነው።