ላስኮ፦ ተዘግቶ የሚጎበኘው ዋሻ

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ በሚባለው ገጠር፣ ቬዜር የተባለ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ገደሎች መካከል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አገሩ የገበሬ አገር ነው፤ በዋልነት ዛፎቹና በዝይ እርባታው ይታወቃል። ከድንጋይ ቤቶቹ አንዳንዶቹ ገደሉን የኋላ ግድግዳ አድርገው የተሠሩ ናቸው። በ1868 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሌዜዚ በምትባለው መንደር የግንባታ ሠራተኞች ሲቆፍሩ ክሮ-ማኞ ከሚባለው የገደል ጥግ ሥር የሰው አጽም አገኙ፤ የጥንቱ አውሮፓዊ ሰው እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያች ጥግ ስም ነው። በሸለቆው 147 የቅድመ ታሪክ ሥፍራዎችና 25 ሥዕል ያለባቸው ዋሻዎች ተቆጥረዋል። ዩኔስኮ ዋና ዋናዎቹን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1979፣ ማለትም ላሊበላና የሰሜን ተራሮች በተመዘገቡ በዓመቱ ነው። ከሁሉም ስሙ የገነነው ላስኮ ሲሆን፣ ከ1963 ወዲህ ግን ለሕዝብ ዝግ ነው። ዛሬ ወደ ሞንቲኛክ ከተማ የሚጎርፈው ጎብኚ የሚያየው ቅጂውን ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። እኔ ግን በዚያ ሸለቆ ለእንግዳም ለቅርሱም ከተደረገው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ቅጂ ነው እላለሁ።

ነገሩ የሚገባን መጀመሪያ ዋሻውን ስናውቀው ነው። በሴፕቴምበር 1940፣ ፈረንሳይ በጀርመን ጦር በተያዘች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ማርሴል ራቪዳ የተባለ ወጣትና ሦስት ጓደኞቹ ከሞንቲኛክ በላይ ባለው ኮረብታ አንዲት ጠባብ ጉድጓድ አስፍተው ወደ ውስጥ ተንሸራተቱ። በመብራታቸው ያዩት ኮርማ፣ ፈረስና አጋዘን ከተሣለ 17,000 ዓመት ገደማ እንደሆነው ይገመታል። ወደ 600 የሚጠጉ ሥዕሎች አሉ፤ በድንጋይ ጫፍ ተፍቀው የተሠሩት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። ከኮርማዎቹ ትልቁ ከአምስት ሜትር በላይ ይረዝማል። ቀዩና ቢጫው ቀለም ብረት ካዘለ አፈር፣ ጥቁሩ ከማንጋኒዝ ማዕድን የተፈጨ ነው። የአንዳንዶቹን ፈረሶች ጋማ ልብ ብሎ ያየ ሰው የመስመር ጠርዝ አያገኝበትም፤ ቀለሙ እፍ ተብሎ ድንጋዩ ላይ የተነፋ ስለሆነ ዳሩ እንደ ጭስ ይበተናል። ይህ ሁሉ የተሠራው በጨለማ፣ በስብ በሚነድ ኩራዝ ብርሃን ነው። ከቀይ ድንጋይ ተጠርቦ የተሠራ ባለ እጀታ ኩራዝ እዚያው ተገኝቷል። ሰዎቹ በልተው የጣሉት አጥንት በአብዛኛው የበረዶ አገር አጋዘን አጥንት ሲሆን፣ ያ እንስሳ ግን በሥዕሎቹ መካከል የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ የሣሉት የዕለት ምግባቸውን አልነበረም።

እነዚህ ሥዕሎች ይህን ያህል ዘመን የቆዩት በሩ ስለተደፈነ ነው። የፈረሰው ድንጋይና አፈር መግቢያውን ዘግቶት፣ ከላይ ያለው ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ደግሞ ዝናቡን ከልክሎት፣ የውስጡ አየር ሳይናወጥ ኖረ። ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ዋሻው ለሕዝብ ሲከፈት መግቢያው ተጠርጎ ሰፋ፣ ደረጃ ተሠራለት፣ ወለሉ ተቆፈረ፣ መብራት ገባ። በ1950ዎቹ በቀን ከሺህ በላይ ሰው የሚገባበት ጊዜ ነበር። ዋናው ጉዳት የመጣው ሥዕሉን በእጅ ከማበላሸት ሳይሆን ከመተንፈስ ነው። ከሰው ትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግድግዳው ላይ ካለው እርጥበት ጋር ሲዋሃድ ደካማ አሲድ ይሆንና የኖራ ድንጋዩን ያሟሟል፤ የሟሟው ኖራ መልሶ ሲረጋ በሥዕሉ ላይ ነጭ ልባስ ይጥላል። የመብራቱ ብርሃን ደግሞ አረንጓዴ አልጌ አበቀለ። አየሩን የሚያጣራ መሣሪያ ቢተከልም አልበቃም። በ1963 የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ዋሻውን ዘጋው። መዘጋቱም ቢሆን የተናጋውን ሚዛን ሙሉ በሙሉ አልመለሰውም፤ በ2001 ነጭ ሻጋታ ወለሉንና ግድግዳውን ወረረው፣ ከዓመታት በኋላም ጥቁር ነጠብጣብ ተከተለ። የ15 ዓመት ጉብኝት ያስከተለው መዘዝ ከጉብኝቱ ዘመን በብዙ እጥፍ ረዘመ። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ አድናቂው ክፋት ሳይኖረው፣ በመድረሱ ብቻ የሚጎዳው ነገር መኖሩ።

ቅጂው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሥራው ትልቅ ሥራ ነበር። ሠዓሊዋ ሞኒክ ፔትራል ዋናውን ዋሻ ደጋግማ እያጠናች፣ የድንጋዩ እብጠትና ስንጥቅ ሳይቀር በሲሚንቶ በተቀረጸ ግድግዳ ላይ፣ እንደ ጥንቶቹ ከማዕድን በተሠራ ቀለም ለዓመታት ሣለች። የኮርማዎቹን አዳራሽና ቀጥሎ ያለውን መተላለፊያ የያዘው ላስኮ ሁለት በ1983 ተከፈተ። ከዋናው 200 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ ግን የመኪናና የሰው ጋጋታው ራሱ ለኮረብታው አሳሳቢ ሆነ። ስለዚህ በ2016 መጨረሻ፣ ዋሻውን ከሞላ ጎደል ሙሉውን የሚያሳየው ላስኮ አራት ከኮረብታው ግርጌ ተከፈተ። መቅዳት ለዚህ ሙያ ባዕድ አይደለም። ላስኮ በተገኘ በቀናት ውስጥ ደርሶ የመረመረው ቄስና ሊቅ አንሪ ብሩይ ዕድሜውን የፈጀው የዋሻ ሥዕሎችን በእጁ በመገልበጥ ነው። ይኸው ሰው በ1933 ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ድሬዳዋ አጠገብ ባለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ያሉትን ሥዕሎች አጥንቷል። ዓለም የዋሻ ሥዕልን መጀመሪያ ያወቀው በአብዛኛው በእንዲህ ያሉ ግልባጮች ነው።

«ቅጂ መንፈስ የለውም» የሚሉ አሉ፤ አባባላቸው እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። የጥንቱ እጅ የነካውን ድንጋይ ማየትና አምሳሉን ማየት አንድ አይደሉም፤ ይህን ቅጂ ሠሪዎቹም አይክዱም። ግን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ድንቅነሽን የሚያይ ሰው ፊቱ ያለው ቅጂ ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። ይህን አውቆም ያች ትንሽ አካል ቆማ ትሄድ እንደነበር ሲያስብ የሚሰማው መደነቅ ሐሰት አይሆንም። ማታለል የሚሆነው ቅጂውን ዋናው ነው ብሎ ማሳየት ነው፤ ላስኮ ይህን አያደርግም። ሌሎች ደግሞ ተመራማሪ እየገባ ሕዝብ ለምን ይከለከላል ይላሉ። የሚገቡት ግን ጥቂት ናቸው፤ ሰዓታቸውም የተቆጠረ ነው፤ ሥራቸውም ግድግዳውን መከታተልና ማከም ነው። ሕዝቡ ይግባ ማለት ደግሞ ዛሬ ላለው ትውልድ ብቻ ማድላት ነው፤ የነገው ልጅም ሕዝብ ነው። ገጠሩ ገቢውን ያጣል የሚለው ስጋት በተግባር ፈርሷል፤ ቅጂውን በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያየዋል። ፈረንሳይም ከዚህ ተምራለች፤ በ1994 በአርዴሽ የተገኘው የሾቬ ዋሻ ለሕዝብ ጭራሽ ሳይከፈት በ2015 ቅጂው ተመረቀ።

ታዲያ ሁሉም ይዘጋ ማለቴ አይደለም፤ ዋሻ እንደ ዋሻው ነው። ሩፊኛክ ወደ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሰፊ ዋሻ ስለሆነ ጎብኚው በኤሌክትሪክ ባቡር ተቀምጦ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይገባና በጥቁር መስመር የተሣሉትን ማሞዞች ያያል። በ1901 የታወቀው ፎንት-ደ-ጎም ደግሞ ጠባብ ነው፤ በቀን የሚያስገባው ሰው ጥቂት ነው፤ ትኬቱን ለማግኘትም ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ለሚሄድ ሰው ምክሬ ላስኮ አራትን አስቀድሞ ማየት ነው፤ እዚያ ዓይኑ ከተለማመደ በኋላ ፎንት-ደ-ጎም ሲገባ የደበዘዘውን ማንበብ ይችላል። አስጎብኚው መብራቱን ከጎን ሲያስጠጋ፣ መጀመሪያ ባዶ ከመሰለው ድንጋይ የቀንድ መስመር ብቅ ይላል፤ ቀጥሎ ጀርባ፣ ቀጥሎ አንገት። አንድ ትልቅ የበረዶ አገር አጋዘን አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱ የተንበረከከችውን ሴቷን ግንባሯን ይልሳታል። ቀለሙ በአብዛኛው ጠፍቷል፤ ድንጋዩ ላይ የተፋቀው መስመር ግን አሁንም አለ።