ቀበሪቾን በጭሱ እናውቀዋለን፤ አበባውንስ?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን አንዱ ጉንፋን ይዞት ሌሊቱን ሲያስል ቢያድር፣ ጓደኛው ከሣጥኑ የቀበሪቾ ሥር አውጥቶ ፍም ላይ ጣል አደረገለት። ክፍሉ በጭስ ታፈነ፤ ሁላችንም አስነጠሰን። በመሐሉ አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ለመሆኑ አበባው ምን ይመስላል? ስምንት ነበርን፤ አይቶት የሚያውቅ አንድ ብቻ ተገኘ።

ቀበሪቾ የሱፍ፣ የኑግና የአደይ አበባ ዘመድ ነው። የዚህ ቤተሰብ ምልክት እኛ አንድ አበባ የምንለው ነገር የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ መሆኑ ነው። አደይን ፈልቅቆ ያየ ሰው ይህን አያጣውም። የቀበሪቾ ግን ከዚህም ያልፋል። በአደይ ብዙ አበቦች በአንድ ሽፋን ውስጥ አብረው ሲቀመጡ፣ በቀበሪቾ እያንዳንዷ አበባ የየራሷ ሽፋን አላት፤ ከዚያ ሁሉም ተሰባስበው ድቡልቡል ኳስ ይሠራሉ። ሳይንሳዊ ስሙ ኤኪኖፕስ ኬቤሪቾ ነው። የፊተኛው ቃል በግሪክኛ ጃርት መሰል ማለት ሲሆን፣ የኋለኛው የራሳችን የገበያ ቃል ነው። ስሙን የሰጡት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ናቸው። በየመንገዱ ዳር የምናየው ኮሸሽላ የቅርብ ዘመዱ ቢሆንም እሱ አይደለም፤ እንዳንሳሳት።

ይህ ተክል ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኝም። ችግሩ ታዲያ የሚፈለገው ሥሩ መሆኑ ነው። ግራዋ ቅጠሉ ቢቀነጠስ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ኮሶም አበባው ቢለቀም ዛፉ ይቀራል። ቀበሪቾ ግን ከነሥሩ ተቆፍሮ ይወጣል። ዘሩን ሳያራግፍ ከተነቀለ ደግሞ ምትክ የለውም።

ሥሩን የሸጡልንን እናት ቅዳሜ ገበያ ሄደን ጠየቅናቸው። «ድሮ እዚሁ ከጓሯችን በላይ ነበር፤ አሁንማ ልጆቹ ከሩቅ ነው የሚያመጡት» አሉን። ቆፋሪውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን የጨውና የበርበሬ መግዣው ከዚያ ነው። እኛስ ብንሆን ገዝተን አጢሰን የለ!

ቢያንስ ኳሱ ደርቆ ዘሩ እስኪረግፍ ታግሦ መቆፈር ይቻላል። በጓሮ ዘርቶ ማልማትም አለ፤ ይህንኑ እኛ ልንሞክረው ነው። አበባውን አይቶ የሚያውቀው ጓደኛችን ለዕረፍት አገሩ ሲሄድ የደረቀ የዘር ኳስ ይዞ ሊመጣ ቃል ገብቷል። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለውን ቦታ መንጥረናል። ዶማ ያላችሁ አውሱን።