ስለ ቶክን እወጃ፦ የተንታኝ አመንጪ መምሪያ እንዴት ቢጻፍ ይበጃል?

ለኮምፒዩተር የሚጻፍ ቋንቋ ሁሉ፣ እንደ ሰው ቋንቋ፣ የራሱ ሰዋስው አለው። ይህን ሰዋስው በደንብ መልክ ለሚጽፍ ሰው ተንታኙን ፕሮግራም ራሱ የሚያወጣለት መሣሪያ «የተንታኝ አመንጪ» ሊባል ይችላል። ከእነዚህ መካከል ዝነኛው ስቲቨን ጆንሰን በቤል ላቦራቶሪዎች የሠራው ያክ ነው፤ መግለጫው የወጣው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ሮበርት ኮርቤት የጻፈውና ሪቻርድ ስቶልማን ከያክ ጋር እንዲጣጣም ያደረገው ባይሰን ደግሞ ዛሬም በሰፊው ያገለግላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመሣሪያዎቹን ታሪክ መተረክ ሳይሆን፣ በመምሪያቸው ውስጥ ትንሽ መስሎ የሚታየው የቶክን እወጃ በምን አኳኋን ቢብራራ አንባቢን እንደሚጠቅም ማመልከት ነው።

ተንታኙ ጽሑፉን ፊደል በፊደል አያነብም። ከእርሱ በፊት የሚሠራው ቃል ለዪ ፊደላቱን ሰብስቦ፣ እያንዳንዱን ቃል ከነክፍሉ ያቀርብለታል። «ዋጋ = 25 + 7» የሚል መስመር ቢመጣ ለተንታኙ የሚደርሰው «ስም፣ እኩል ምልክት፣ ቁጥር፣ የመደመር ምልክት፣ ቁጥር» የሚል ሰልፍ ነው። የሰልፉ አባላት እያንዳንዳቸው ቶክን ይባላሉ። በባይሰን ሰዋስው ውስጥ የሚታወጁትም በመቶኛ ምልክት በሚጀምር «ቶክን» በሚል ትእዛዝ ነው።

በአንድ የእወጃ መስመር አራት ነገሮች ሊሰፍሩ ይችላሉ፦ ቶክኑ የሚሸከመው ዋጋ ዓይነት፣ የቶክኑ ስም፣ መለያ ቁጥሩና በትእምርተ ጥቅስ የሚጻፍ ተለዋጭ ስሙ። መምሪያው የአጻጻፉን ቅርጽ ብቻ ዘርዝሮ ቢያልፍ አንባቢው መስመሩን መቅዳት ይችላል፤ ምክንያቱን ግን አይረዳም። ስለዚህ አራቱም ለማን እንደሚያገለግሉ መነገር አለበት።

ስሙ በቃል ለዪውና በተንታኙ መካከል ያለ ውል ነው፤ ሁለቱም በዚያው ስም ይግባባሉ። ቁጥሩ የውሉ ማኅተም ነው። ዜሮ ለጽሑፉ ፍጻሜ ተጠብቋል፤ በነጠላ ጥቅስ የሚጻፉ ባለ አንድ ባይት ምልክቶች የራሳቸውን የኮድ ቁጥር ይይዛሉ። 256 ለስሕተት፣ 257 ለማይታወቅ ቶክን ስለሚውሉ ባይሰን እንደ ልማዱ የታወጁትን ከ258 ጀምሮ ይቈጥራል። ይህ ምክንያት ከተገለጸ፣ ቁጥር በእጅ ከመስጠት ይልቅ ለመሣሪያው መተው የሚሻልበት ሁኔታ ያለ ብዙ ማስጠንቀቂያ ይገባል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት በተለዋጭ ስሙ ነው። በሰዋስው ውስጥ «<=» ብለው ሲጽፉ ቃል ለዪው ምልክቱን ከዚያ በኋላ በራሱ የሚያውቀው ይመስላቸዋል። ነገር ግን ተለዋጭ ስም የሚያገለግለው የሰዋስውን ሕግ ለሚያነብ ሰውና ለስሕተት መልእክት እንጂ ለቃል ለዪው አይደለም። ከዚህም ሌላ ያልታወጀ ተለዋጭ ስም በስሕተት ቢጻፍ መሣሪያው እንደ አዲስ ቶክን ሊቀበለው ይችላል። በኋለኞቹ እትሞች ይህን የሚያመለክት ማስጠንቀቂያ መጠየቅ ተችሏል።

የቃላት አመራረጥም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝኛው መምሪያ «ዓይነት» የሚለው ቃል የቶክኑን ማንነትም የሚሸከመውንም ዋጋ ጠባይ ያመለክት ስለነበር ግራ ያጋባ ነበር። በ2020 የወጣው 3.6ኛ እትም ለመጀመሪያው ሌላ ቃል በመምረጥ ሁለቱን ለየ። በአማርኛ ብንጽፍ ግን ሁለቱም የእንግሊዝኛ ቃላት «ዓይነት» ተብለው ስለሚተረጐሙ ችግሩ ተመልሶ ይመጣብናል። የእኛ ሰዋስው «የቃል ክፍል» የሚል ስያሜ ስላለው፣ ለቶክኑ ማንነት «ክፍል»፣ ለዋጋው «ዓይነት» ብንል ልዩነቱ ይጠበቃል።

የግእዝ ፊደልን የሚመለከት ነጥብም አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0ኛው እትም ሲሆን፣ ዩ.ቲ.ኤፍ.-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ አራት ነጥብን በነጠላ ጥቅስ አስገብቶ እንደ ባለ አንድ ባይት ምልክት መጠቀም አይቻልም። ስም ሰጥቶ ማወጅ፣ ሦስቱንም ባይት አንብቦ ያንን ቶክን ማቅረብን ደግሞ ለቃል ለዪው መተው ያስፈልጋል። በላቲን ፊደል ብቻ የተሞላ ምሳሌ ይህን አያስተምርም።

በመጨረሻም ተጠቃሚውን ማሰብ ይገባል። ባይሰን ዝርዝር መልእክት እንዲሰጥ ካልታዘዘ «የአገባብ ስሕተት» ብቻ ብሎ ዝም ይላል። ሲታዘዝ ግን ያልጠበቀውንና የጠበቀውን ቶክን ይጠራል፤ ከ3.6ኛው እትም ወዲህም ተለዋጭ ስሞቹ ወደ ተጠቃሚው ቋንቋ እንዲተረጐሙ በእወጃው ላይ ምልክት ማድረግ ይቻላል። እንግዲህ በአማርኛ የሚሠራ ሰው «አራት ነጥብ ይጐድላል» የሚል መልእክት ማንበብ ወይም በማያውቀው ፊደል የተጻፈ አሕጽሮት ፊት መቆም በዚያች አንዲት መስመር ይወሰናል። መምሪያውን የሚጽፍ ሰው ይህን ከተረዳ ተለዋጭ ስምን እንደ ጌጥ አይቈጥረውም፤ ከምዕራፉ መግቢያ ላይ ያስቀምጠዋል።