ለጌም ኮምፒውተር ገንዘቡን የት ላይ ላውጣ?
እኛ ቂርያት ጋቶች የኢንቴል ፋብሪካ ጎረቤቶች ነን። ጉርብትናው ግን ቅናሽ አያስገኝም፤ 18 በመቶውን ታክስ እንደማንኛውም ሰው እንከፍላለን።

ኮምፒውተር ስገጣጥም ደጋግሜ የማየው ስህተት፦ ልጆች ገንዘቡን ፕሮሰሰር ላይ ይጨርሱና ለግራፊክስ ካርድ ፍርፋሪ ይተርፋል። የጌሙን ምስል የሚሠራው ካርዱ ነው! 4,000 ሸቅል ካለህ 1,500ውን ለእሱ መድብ። ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር፣ ለምሳሌ ኮር አይ5 12400ኤፍ፣ ይበቃሃል። «ኤፍ» ማለት የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ያለ ካርድ ስክሪንህ ጨለማ ነው። ራም፣ 8 ጊጋባይት ሁለት ፍሬ። ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ራም ዲዲአር4 ይሁን ዲዲአር5 አረጋግጥ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የሚያብለጨልጭ ሣጥን ይቅርብህ። ፓወር ሰፕላይ ግን ርካሽ አትግዛ፤ ሲቃጠል ሌላውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ከመክፈልህ በፊት ዝርዝሩን ላክልኝ፣ አየዋለሁ።